ከቨርጂኒያ የመጣው የእንጉዳይ ካፕሱል

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ 36 ዓመቱ ነው፤ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። በ2014ቱ ጦርነት መንገድ ላይ ያየውን እስከ ዛሬ ለማንም በቅጡ አልተናገረም። ሌሊት እየጮኸ ይነሳል፤ በር በኃይል ሲዘጋ ይበረግጋል፤ በዚያ መንገድ ዳግም አልነዳም ብሎ ሥራውን ተወ። ውሎው ከሰዓት ጫት፣ ማታ ጨብሲ ሆኗል። ደሴ ሪፈራል አስመርምረነው ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም አዘዙለት። ሦስት ሳምንት ወሰደና ‹ምንም አልረዳኝም› ይላል። ለወገቡ ሕመም ደግሞ ትራማዶል እየገዛ ይውጣል።

ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ የጦርነት ጭንቀት በእንጉዳይና ኤምዲኤምኤ በሚባል መድኃኒት እንደሚድን፣ አሜሪካም እንደተፈቀደ ነግሮኝ በሰው እጅ 12 ካፕሱል ላከልኝ። ምንም ጽሑፍ የለበትም። ወንድሜ ብነግረው እምቢ ስለሚል በጁስ በጥብጬ ልሰጠው አስቤያለሁ። ጎረቤታችን ‹ምን አስለፋሽ፣ አስተናግርም ያው ነው› ትላለች። እናታችን ወዳጃ ተቀምጠን ዱዓ እናስደርግለት ትላለች። አጎታችን በወጣትነቱ ከራሱ ጋር እያወራ ብዙ ጊዜ አማኑኤል ሆስፒታል ተኝቷል፤ እሱም ያስፈራኛል። ምን ላድርግ?»

እህታችሁ፣ ከኮምቦልቻ

እህታችን፣ ካፕሱሉን በጁስ አትስጪው። ከዚህ በታች ያለውን ባታነቢው እንኳ ይቺን ያዢልን።

እነዚህ መድኃኒቶች የሚታየውን፣ የሚሰማውን፣ የጊዜን ስሜት ሳይቀር ለሰዓታት ይለውጣሉ። መውሰዱን የሚያውቅ ሰው ግድግዳው ሲንቀሳቀስበት «መድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል» ይላል። ያልተነገረው ሰው ግን የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አበድኩ። ወንድምሽ ላይ ሲሆን ደግሞ ያ መንገድ፣ ያ ቀን እዚያው ሳሎን ውስጥ ተመልሶ ይመጣበታል። በ1953 (የውጭውን ታሪክ ስናነሳ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ሰዎች ፍራንክ ኦልሰን ለተባለ የጦር ሠራዊቱ ሳይንቲስት ኤልኤስዲ የሚባለውን አእምሮ የሚለውጥ ዕፅ በመጠጥ ውስጥ ጨምረው ሳያውቅ ሰጡት። በ9ኛው ቀን ከኒው ዮርክ ሆቴል መስኮት ወድቆ ሞተ። ቤተሰቡ መድኃኒቱ እንደተሰጠው የሰማው በ1975 ነው። ከዚህም ሌላ፣ ከጦርነቱ በኋላ ወንድምሽ የሚያምነው ሰው ቁጥር ትንሽ ነው፤ አንቺ አንዷ ነሽ። ከቤቱ ብርጭቆ ተጠንቅቆ የሚጠጣ ሰው አታድርጊው።

ሁለተኛው አስቸኳይ ነገር አንቺ እግረ መንገድሽን የጠቀስሽው ትራማዶል ነው። ትራማዶልና ሰርትራሊን ሁለቱም በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋሉ። አብረው ሲወሰዱ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጡ ይችላሉ። ሴሮቶኒን ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ሰውነት ይንዘፈዘፋል፣ ያልባል፣ ትኩሳት ይነሳል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይገታተራል፣ ሰውየው ይቅበጠበጣል፣ ተቅማጥም ይኖራል። እነዚህን ካየሽ ነገ አትበይ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው፤ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነመያዣቸው ይዘሽ ሂጂ። ምልክቱ ባይኖርም በዚህ ሳምንት ሰርትራሊኑን ላዘዘው ሐኪም ስለ ትራማዶሉ መነገር አለበት። በየቀኑ ለወራት ሲወስድ ከቆየ በአንድ ቀን አያቋርጥም፤ ላብ፣ ቁርጥማትና እንቅልፍ ማጣት ያስከትላል። ስለዚህ ቀስ በቀስ የሚቀነስበትንና በሌላ የሕመም ማስታገሻ የሚተካበትን መንገድ ሐኪሙ ይንገራችሁ። በዚህ ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ካፕሱል ቢጨመር፣ በተለይ ውስጡ ኤምዲኤምኤ ከሆነ፣ ያው ሴሮቶኒን ሦስተኛ ገፊ አገኘ ማለት ነው። ጫቱም የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ እንግባ። የአክስትሽ ልጅ ከባዶ ሜዳ ተነስቶ አልተናገረም። የነገረሽ ግን ግማሹን ነው።

የወሎ ሰው የዚህን ታሪክ አንድ ጫፍ በአካሉ ቀምሶታል። ኤርጎት በእህል ዛላ ላይ እንደ ጥቁር ጥፍር የሚበቅል ፈንገስ ነው። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በወሎ ከገብስ ጋር አብሮ የበቀለ ስናር በዚህ ፈንገስ ተበክሎ፣ እህሉን የበሉ ሰዎች የደም ሥራቸው እየተኮማተረ እጅና እግራቸው ጠቁሮ ደረቀ፤ ብዙዎችም ሞቱ። የስዊዘርላንዱ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን በባዝል ከተማ፣ ሳንዶዝ በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የኤርጎትን ንጥረ ነገሮች ሲመረምር በ1938 ኤልኤስዲን ሠራ። ምን እንደሚያደርግ ግን እስከ 1943 አላወቀም ነበር። ሚያዝያ 19 ቀን በዚያው ዓመት ትንሽ ነው ብሎ ያሰበውን 250 ማይክሮግራም ወሰደ፤ ይህም የአንድ ግራም 4,000ኛ እጅ ነው። ወደ ቤቱ በብስክሌት ሲመለስ ዓለም ተገለባበጠበት፣ የምሞት መሰለኝ ብሎ ሐኪም አስጠራ። ዛሬ በሕክምና ጥናት አንድ ጊዜ የሚሰጠው 100 ማይክሮግራም ያህል ነው። የሠራው ኬሚስት ራሱ መጠኑን እንዲህ ከሳተ፣ ጽሑፍ የሌለው ካፕሱል ውስጥ ያለውን ከኮምቦልቻ ሆኖ የሚገምት ሰው የለም።

እንጉዳዩ የመጣው ከሜክሲኮ ነው። በኦዋካ ተራሮች ያሉ የማዛቴክ ሰዎች ሕመምተኛን ለማከም በሌሊት፣ በጸሎትና በዜማ፣ ሥርዓቱን በምታውቅ ሴት መሪነት ይወስዱት ነበር። ማሪያ ሳቢና የተባለችው የሥርዓቱ መሪ በ1955 ጎርደን ዋሰን የተባለ አሜሪካዊ የባንክ ሰው እንዲገባ ፈቀደችለት። እሱ በ1957 ላይፍ መጽሔት ላይ ጻፈ። ከዚያ በኋላ መንደሯ ደስታ ፈላጊ በሆነ እንግዳ ተጨናነቀ፣ ቤቷም ተቃጠለ። ሆፍማን በ1958 ከእንጉዳዩ ሲሎሳይቢን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። እዚያ መንደር ከመድኃኒቱ ጋር ይሰጥ የነበረው ጥበቃ፣ ዝግጅትና አብሮ ማደር ግን በካፕሱል አልተጠቀለለም።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሐኪሞች እነዚህን ዕፆች፣ በተለይ ኤልኤስዲን፣ በብዙ ሺህ ሕሙማን ላይ ሞከሩ። በካናዳ ሳስካችዋን ሐምፍሪ ኦስመንድና ባልደረቦቹ ለአልኮል ሱሰኞች ኤልኤስዲ ይሰጡ ነበር። የዚያን ዘመን 6 ሙከራዎች በ2012 አንድ ላይ ሲገመገሙ፣ ከ536 ሰዎች ኤልኤስዲ ከወሰዱት 59 ከመቶው፣ ካልወሰዱት 38 ከመቶው መሻሻል አሳይተዋል። ቀላል ውጤት አይደለም። ነገር ግን የዚያ ዘመን ጥናት ብዙው ልል ነበር፤ መድኃኒቱም ከሐኪም ቤት ወጥቶ ጎዳና ገባ፤ በ1971 የተባበሩት መንግሥታት የአእምሮ አነቃቂ ዕፆች ስምምነት ከጥብቅ ቁጥጥር በታች አደረገው። ጥናቱ ለረጅም ዓመታት ደረቀ።

ኤምዲኤምኤ የተለየ ነው፤ ከእንጉዳይ አይገኝም። በ1912 የጀርመኑ ሜርክ ኩባንያ ውስጥ ተሠርቶ ተረስቶ ነበር። በ1970ዎቹ አሌክሳንደር ሹልጊን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት እንደገና ሠራው፤ ጥቂት የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ለንግግር ሕክምና ማገዣ ተጠቀሙበት፤ አሜሪካ በ1985 ከለከለችው። ሰውን እንደ እንጉዳዩ ከእውነታው አያርቅም። ፍርሃትን ያለዝብና ሰውየው የሸሸውን ትዝታ ሳይሰበር እንዲናገረው ጊዜ ይሰጠዋል ተብሎ ይታሰባል። ለጦርነት ጭንቀት፣ ማለትም ፒቲኤስዲ ለሚባለው፣ ከሁሉ የበለጠ የተጠናውም እሱ ነው። ስለዚህ የአክስትሽ ልጅ የሰማው ዜና የኤምዲኤምኤ ሆኖ የላከው እንጉዳይ ከሆነ፣ ዜናውና ካፕሱሉ እንኳ አይገናኙም።

ሕክምናው እንዴት እንደሚሰጥ በደንብ እናስረዳሽ፤ ፍርዱ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሰውየው መጀመሪያ ይጣራል፦ የልብ ምርመራ፣ የደም ግፊት፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ በቤተሰቡ ውስጥ ከእውነታ የሚለይ የአእምሮ ሕመም ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) መኖር አለመኖሩ። እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ በሐኪም ክትትል በሳምንታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀነሳል። ከዚያ ከሁለት ባለሙያዎች ጋር እያንዳንዱ 90 ደቂቃ የሚፈጅ 3 የዝግጅት ስብሰባ ይኖረዋል። የመድኃኒቱ ቀን 8 ሰዓት ይወስዳል፤ ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም ንጹሕ ኤምዲኤምኤ፣ ቆይቶም የዚያ ግማሽ ይሰጠዋል። ሁለቱ ባለሙያዎች ከጎኑ አይነሱም፤ የደም ግፊቱና የሰውነቱ ሙቀት ይለካል። ይህ በወር ገደማ ልዩነት 3 ጊዜ ይደገማል። ከእያንዳንዱ በኋላ 3፣ በድምሩ 9 ስብሰባ የወጣውን ነገር ለመተርጎምና ወደ ኑሮ ለመመለስ ይውላል። የሲሎሳይቢኑም ሥርዓት ተመሳሳይ ነው፦ 25 ሚሊግራም የተለካ መድኃኒት፣ ዓይን መሸፈኛ፣ ሙዚቃ፣ 6 ሰዓት ገደማ የማይለይ አጃቢ፣ በዚያ ቀን መኪና መንዳት የለም።

ውጤቱስ? በ2021 በታተመው የኤምዲኤምኤ ጥናት 90 ሰዎች ነበሩ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 67 ከመቶው በመጨረሻ የፒቲኤስዲ መለኪያ አላሟሉም፤ ማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ደግሞ 32 ከመቶው። በ2023ቱ ጥናት፣ በ104 ሰዎች ላይ፣ 71 ለ48 ከመቶ ሆነ። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ መጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ነው። እኛ ግን ሁለተኛዎቹን እንድታያቸው እንፈልጋለን። ማስመሰያ ክኒን የዋጡትም ያንኑ ዝግጅት፣ ያንኑ ባለሙያ፣ ያንኑ ረጅም ሰዓት አግኝተዋል። ምንም ኤምዲኤምኤ ሳይገባቸው ከሦስት አንዱ፣ በሁለተኛው ጥናት ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው፣ ከሕመሙ ወጡ። በዚህ ትልቅ ድርሻ ያለው ታሪክን ከሚያዳምጥ የሠለጠነ ሰው ጋር በሥርዓት መቀመጡ ነው። ያ ደግሞ ከቨርጂኒያ በሰው እጅ መላክ አያስፈልገውም።

ያም ሆኖ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በነሐሴ 2024 ኤምዲኤምኤን ለፒቲኤስዲ አላጸደቀም፤ ተጨማሪ ጥናት ጠየቀ። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች መድኃኒቱን መውሰድ አለመውሰዳቸውን ማወቃቸው ውጤቱን አደብዝዞታል፤ የጉዳት መረጃ አያያዙም ተተችቷል። ሲሎሳይቢን በ2022 በ233 የድብርት ሕሙማን ላይ ሲፈተን፣ 25 ሚሊግራም ከወሰዱት 29 ከመቶው በ3ኛው ሳምንት ከድብርቱ ወጥተው ነበር፤ 1 ሚሊግራም ከወሰዱት 8 ከመቶው። በ12ኛው ሳምንት ግን መሻሻሉ የጸናላቸው ከአምስት አንዱ ብቻ ነበሩ። ደግሞም ያ ለድብርት ነው። «አሜሪካ ተፈቅዷል» የተባለውም ትክክል አይደለም፤ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፣ እንደ ኦሪገን ያሉ ግዛቶች ፈቃድ ባለው ማዕከል ውስጥ ብቻ ሲሎሳይቢን ይፈቅዳሉ። በአገር ደረጃ ፈቃድ ያላቸው ሳይካትሪስቶች እንዲያዝዙት ከፈቀዱት አንዷ አውስትራሊያ ናት፣ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ። በእኛ አገር ግን እነዚህን ማስገባትም፣ ማዘዋወርም፣ መያዝም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ጽኑ እስራት ያስከትላል። ቦሌ ላይ ቢገኝ ኖሮ የሚታሰረው ሻንጣውን የያዘው ምስኪን ነበር።

እና ካፕሱሉ ውስጥ ምን አለ? የደረቀ እንጉዳይ ቢሆን እንኳ ያለው የሲሎሳይቢን መጠን ከአንዱ ወደ ሌላው በብዙ እጥፍ ይለያያል። በ2024 አሜሪካ ውስጥ «የእንጉዳይ ቸኮሌት» ገዝተው የበሉ ብዙ ሰዎች ራሳቸውን ስተውና ተንቀጥቅጠው ሆስፒታል ገብተዋል። ካፕሱሉ ለትንሽ ትንሽ መጠን፣ ማይክሮዶዝ ለሚሉት፣ የተዘጋጀ ከሆነም በ2021 በ191 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ጥቅሙ ከባዶ ካፕሱል እንደማይለይ አሳይቷል። አንድ አደገኛ ወጥመድም አለ። ሰርትራሊን የሲሎሳይቢንን ስሜት ያደነዝዛል። የዋጠው ሰው «አልያዘኝም» ብሎ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይጨምራል፤ ኋላ ሁሉም በአንዴ ሲነሳ መመለሻ የለውም። ወይ ደግሞ እንዲይዘው ብሎ ሰርትራሊኑን በአንድ ቀን ይጥላል፤ ያኔ ማዞር፣ ራስ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የመንዘር ስሜት፣ ንዴትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ከክረምት በኋላ ሜዳ ላይ የሚበቅለውን እንጉዳይ ለቅሞ መሞከር ደግሞ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው። ጉበት የሚገድሉት ዓይነቶች ከሌላው በዓይን አይለዩም። ማስታወክና ተቅማጡ የሚጀምረው ከ6 ሰዓት በኋላ ዘግይቶ ነው፤ በማግስቱ የተሻለው ይመስላል፤ በሦስተኛው ቀን ጉበቱ ይወድቃል።

ስለ አጎትሽ ያነሳሽው ፍርሃት ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ጠንቃቃ ጥናቶች ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት ብቻ ሳይሆን አጎትና አክስት ላይም እንዲህ ያለ ሕመም ካለ ሰውየውን አይቀበሉም፤ መድኃኒቱ ተኝቶ የነበረውን ሕመም ሊቀሰቅሰው ይችላልና። ወንድምሽ አውስትራሊያ ቢኖርና ገንዘቡ ቢሞላለት እንኳ በመጀመሪያው ማጣሪያ ሊመለስ የሚችል ሰው ነው።

አስተናግር ያው አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። የቆሎ ተማሪ ለአእምሮ መክፈቻ ይጠጣዋል የሚባለው አብሾ ከዚህ ተክል ነው ይባላል፤ ጎረቤትሽም ከዚያ ሰምታው ይሆናል። ውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን ናቸው። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ቆዳ ይግላል፣ ሽንት ይታገዳል፣ ልብ ይጋልባል፣ ሰውየው ከሌለ ሰው ጋር እያወራ ይቅበዘበዛል፤ መንዘፍዘፍና ሞትም ሊከተል ይችላል። አንዱ ፍሬ ከሌላው በኃይሉ ይለያል፤ ለሕክምና የሚበቃና የሚገድል ብሎ መለካት አይቻልም። ለማንኛውም የአእምሮ ሕመም ሕክምናው አይደለም። ቤት ውስጥ ካለ አጥፉት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሰርትራሊኑ ገና አልተፈተነም። 50 ሚሊግራም ዝቅተኛ መጠን ነው፤ ሐኪሙ እያየ እስከ 200 ሊያደርሰው ይችላል። ለፒቲኤስዲ ሙሉ ውጤቱን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰው ከጥቅሙ በፊት ማቅለሽለሽና መቅበጥበጥ ሊሰማው ይችላል። ጠዋት ከቁርስ ጋር ቢወስደው እንቅልፉን ያነሰ ይረብሸዋል። አንድ ቀን ከረሳው ሁለት ደርቦ አይውሰድ። የመድኃኒቱን ኃይል በየማታው የሚበላው ጨብሲው ነው፦ አልኮሉ ሌሊቱን ይሰባብርና ቅዠቱን ያብሰዋል።

ጫቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በዪ። ቃሚ ሲያቋርጥ የሚመጣው ዱካክ እና የጦርነት ቅዠት ይምታታሉ። ዱካክ ካቆመ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይበረታና በሳምንታት ውስጥ ይለዝባል፤ የሚያስፈራ እንግዳ ነገር፣ የሚያንቅ፣ የሚያሳድድ ይታይበታል። የፒቲኤስዲው ቅዠት ግን ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ ፊት ይደጋግማል፤ ቀንም ይመጣል። ወንድምሽ ጫት ባቋረጠባቸው ቀናት ምን እንዳየ ጠይቂው፤ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። መቀነስ ከፈለገ በአንዴ አያቁም፤ ሰዓቱን ወደ ረፋድ ያምጣ፣ ከዚያ ቀኑን ያራርቅ። ዱካክ እንደሚመጣና እንደሚያልፍ አስቀድሞ ከተነገረው ወደ ጫቱ አይሮጥም።

ሌሊት እየጮኸ ሲነሳ አትጨብጪው፤ ሳያውቅ ሊመታሽ ይችላል። ከእግሩ በኩል ቆመሽ መብራት አብሪ፣ በስሙ ጥሪው፣ «ቤትህ ነህ፣ ኮምቦልቻ ነው፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ እኔ ነኝ» በዪው። ቀዝቃዛ ውሃ በእጁ ስጪው፤ እግሩን መሬት ላይ ያሳርፍ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያየውን አምስት ነገር ጮክ ብሎ ይጥራ። ያየውን እንዲተርክልሽ በዚያ ሰዓት አትጠይቂው።

ትረካው የራሱ ቦታና ሰው አለው። ከጦርነት ለተረፉ ሰዎች ከተሠሩት ሕክምናዎች አንዱ ናሬቲቭ ኤክስፖዠር የሚባለው ነው፤ ኡጋንዳ ውስጥ በናኪቫሌ የስደተኞች ካምፕ ባለሙያ ባልሆኑ ነገር ግን በደንብ በሠለጠኑ ሰዎች እጅ ተፈትኖ ሠርቷል። ሕመምተኛው ወለል ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ሕይወቱ ነው። ደግ ለሆነው ጊዜ አበባ፣ ለከፋው ድንጋይ ያስቀምጣል። በየስብሰባው፣ 90 ደቂቃ ገደማ፣ ከልደቱ ጀምሮ በተራ ይተርካል፤ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ያየውን፣ የሸተተውን፣ ልቡ ያለውን ቀስ ብሎ ይናገራል። አድማጩ ይጽፈዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያነብለታል። ትዝታው ቀንና ቦታ ያገኛል፤ ሲበታተን አሁን የሚሆን የሚመስለው ያኔ የሆነ ይሆናል። እቤት ብቻችሁን አትሞክሩት፤ ግማሽ ላይ ሲቆም ያባብሳል። ሃረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ የአእምሮ ክፍሉን «ለፒቲኤስዲ የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ሰው አለ ወይ? ከሌለስ ወዴት ትልኩናላችሁ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። ካልጠየቅሽ ክኒን ብቻ ይዘሽ የምትመለሺበት ዕድል ሰፊ ነው።

ወዳጃውን አድርጉለት። ሰው ከብቦት ተቀምጦ መመረቁ ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ ከሰው የራቀ ሰው ወደ ሰው የሚመለስበት ነው። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ፦ ክኒኑን አታስጥሉት፤ ለእሱ ሲባል ጫቱ ቀርቶ በቡና ይሁን። ወዳጃውን ለሚመሩት ለአባገሩም አስቀድማችሁ ብትነግሩ ያከብሩታል።

ሞትን ካነሳ፣ ወይም «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ከጀመረ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው። መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይደር፤ መሣሪያ፣ የተባይ መርዝ፣ የተከማቸ ክኒን ከቤት ይውጣ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል።

ካፕሱሎቹን ከቡና አተላ ጋር ደባልቀሽ፣ በፌስታል አስረሽ ጣያቸው። ለማንም አታስተላልፊ። ለአክስትሽ ልጅ ቅን ሐሳቡን አመስግኚው፤ ከዚያ ሊያወጣው ያሰበውን ገንዘብ ለአራት ወር ሰርትራሊን፣ በየሁለት ሳምንቱ ከኮምቦልቻ ደሴ ለሁለት ሰው የትራንስፖርት፣ ቢገኝም ለንግግር ሕክምናው ክፍያ እንዲያውለው ንገሪው።

ለቀጠሮው ቀን አንድ ወረቀት ያዢ። ትራማዶሉን በቀን ስንት ፍሬ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስድ፤ ጫቱንና መጠጡን ሳትደብቂ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ፤ ቅዠቱ በሳምንት ስንት ሌሊት እንደሚነሳበትና አንድ ዓይነት ይሁን የተለያየ፤ አጎትሽ በስንት ዓመቱ እንደታመመ፤ ሰርትራሊኑን የጀመረበትን ቀን ጻፊበት። ወንድምሽ ራሱ አይቶት፣ የጎደለውን ጨምሮበት ይሂድ።